ስለ ተመጣጠነና ስላልተመጣጠነ አመጋገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምግብ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አንዱ “ቅባት አትንካ” ይላል። ሌላው “ዳቦ አቁም” ይላል። ሦስተኛው በቫይታሚን እንክብል ይምላል። መሀል ላይ ግራ የሚጋባው በየቀኑ መብላት ያለበት ሰው ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹን ስታነቡ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥማችኋል፤ ያልተመጣጠነ አመጋገብ አብዛኛውን ጉዳቱን የሚያደርሰው ቀስ እያለና ሳይታወቅ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተመጣጠነ ምግብ የሚባለው ምን ዓይነት ነው?

ሰውነት የሚያስፈልገውን ሁሉ በሚያስፈልገው መጠን የሚያገኝበት አመጋገብ ነው። እህልና ሥራሥር ጉልበት ይሰጣሉ። ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋና ወተት ሰውነትን የሚገነባውን ፕሮቲን ያቀርባሉ። ቅባት ጉልበት ከመስጠቱም በላይ አንዳንድ ቫይታሚኖች ከአንጀት ወደ ሰውነት እንዲገቡ ይረዳል። አትክልትና ፍራፍሬ ቫይታሚን፣ ማዕድንና ፋይበር (ሰውነት የማይፈጨው የዕፅዋት ክፍል) ይጨምራሉ። ውሃም አለ።

የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2024 በጋራ ባወጡት መግለጫ ጤናማ አመጋገብን በአራት ነገሮች ይገልጹታል። በቂ መሆን አለበት። የጉልበት ምንጮቹ ሚዛን ሊኖራቸው ይገባል። እንደ ጨው፣ ስኳርና ጎጂ ቅባት ያሉት ደግሞ ልክ ሊኖራቸው ይገባል። ዓይነቱም ብዙ መሆን አለበት። ከአራቱ ቶሎ የሚዘነጋው የመጨረሻው ይመስለኛል። “በቂ በልቻለሁ” የሚል ሰው ብዙ ነው። “በዚህ ሳምንት ስንት ዓይነት ነገር በላሁ?” ብሎ ራሱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሚዛኑን በአንድ ማዕድ አትለኩት። ዛሬ ምሳ ላይ አትክልት ስለቀረ ማንም አይታመምም። የሳምንቱን፣ የወሩን አመጋገብ አንድ ላይ ማየት ነው የሚሻለው።

በቀን ሦስት ጊዜ እበላለሁ፣ እጠግባለሁም። ታዲያ ምን ሊጎድለኝ ይችላል?

ብዙ ነገር። ጥጋብ የሚመጣው ጨጓራ ሲሞላና ጉልበት ሰጪ ምግብ ሲገባ ነው። ሰውነት “ዛሬ አዮዲን አንሶኛል” ብሎ የሚራብበት መንገድ የለውም። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን እጥረት ስውር ረሃብ የሚሉት።

ይህን ለመረዳት ዓለም ብዙ ዋጋ ከፍሏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምትባለው አገር፣ ቤሪቤሪ የሚባል በሽታ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። እግር ይዝላል፣ ይደነዝዛል፤ ልብም ይደክማል። ክርስቲያን ኤይክማን የተባለ የኔዘርላንድስ ሐኪም ምክንያቱ ተህዋስ መስሎት ጀርሙን ይፈልግ ነበር። ከዚያ ዶሮዎች ተመሳሳይ በሽታ ይዟቸው አየ። ዶሮዎቹ የሚበሉት ተፈትጎ የነጣ ሩዝ ነበር። ገለባው ሙሉ በሙሉ ያልተገፈፈ ሩዝ ሲሰጣቸው ዳኑ። ኤይክማን መጀመሪያ ነጩ ሩዝ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። ሥራውን የተረከበው ገሪት ግራይንስ ነው ጉዳዩ የመርዝ ሳይሆን የጉድለት መሆኑን የተረዳው። የጎደለው በሩዙ ሽፋን ላይ የሚገኘው፣ በኋላ ቫይታሚን ቢ1 የተባለው ንጥረ ነገር ነበር። ኤይክማን በ1929 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

እነዚያ በሽተኞች ብዙዎቹ ሩዝ አልጎደላቸውም ነበር። ሆዳቸው ሞልቶ ነው የታመሙት።

እጥረት ሲኖር ሰውነት ላይ ምን ይታያል?

እንደጎደለው ነገር ይለያያል፤ አብዛኛውም ምልክት መጀመሪያ ላይ የሌላ ነገር ይመስላል። ድካሙን ሥራ በዛብኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው።

ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ትኩረት ይበተናል፣ የዓይን ሽፋን ውስጡ ይገረጣል። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ መጀመሪያ የሚመጣው ዳፍንት ነው፤ ሲመሽ ማየት ያስቸግራል። ሕፃናት ላይ ሲከፋ እስከ ዓይነ ስውርነት ያደርሳል፤ ኩፍኝና ተቅማጥ የመሳሰሉ በሽታዎችም ይበረቱባቸዋል። ቫይታሚን ዲ ሲያንስ የልጆች አጥንት ይለሰልስና እግራቸው ይጎብጣል። ቫይታሚን ዲ በብዛት የሚገኘው ከምግብ ሳይሆን ቆዳ ላይ ከሚያርፍ ፀሐይ ነው።

አዮዲንን ለብቻው ላንሳው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ ማለት ነው። ያ ሲጠፋ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ባለችው ትንሽ አዮዲን ለመሥራት ሲታገል ያብጣል። እንቅርት የሚባለው ይህ ነው። እንቅርት ለዓይን ስለሚታይ ሰው የሚያስበው እሱን ነው። የከፋው ጉዳት ግን ማህፀን ውስጥ የሚደርሰው ነው። እናቲቱ ብርቱ የአዮዲን እጥረት ካለባት የጽንሱ አእምሮ በሚገባው ልክ አያድግም፤ ይህም በኋላ አይስተካከልም። መፍትሔው ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር። እንቅርት እጅግ በዝቶባት የነበረችው ስዊዘርላንድ ይህን በ1922 ጀመረች። ዛሬ አብዛኛው ዓለም ተከትሏታል።

ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ ድድ ይደማል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ስከርቪ ይባላል። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሐኪም 12 ሕሙማን መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈላቸውና ለእያንዳንዱ ጥንድ የተለየ ነገር ሰጠ። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ተሽለው ተገኙ። የሚያሳዝነው፣ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ በመደበኛነት መስጠት የጀመረው በ1795 ነው። በመሀሉ ስንቱ ሰው አለቀ።

ብረት ያለበት ምግብ እየበላሁ ደሜ ለምን ያንሳል?

መብላትና ወደ ደም መግባት ይለያያሉ። ከሥጋና ከዓሣ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይገባል። ከጥራጥሬና ከቅጠላ ቅጠል የሚገኘው ግን አስቸጋሪ ነው፤ አንጀት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር አብሮ ሲበላ ይሻሻላል። ምስር ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ወይም ከምግቡ ጋር ቲማቲምና ብርቱካን መብላት ትርፉ ብዙ ነው። ሻይና ቡና በተቃራኒው ብረቱን ይይዙታል። ከምግብ ጋር ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ ይሻላል።

ምግቡ ምንም ሳይጎድለው ደም የሚያንስበት ጊዜም አለ። የወር አበባ ሲበዛ፣ የጨጓራ ቁስል ሲደማ፣ የአንጀት ጥገኛ ትል ሲኖር ይህ ይከሰታል። ስለዚህ ደም ማነስ የተባለ ሰው በራሱ እንክብል ገዝቶ ከመዋጡ በፊት ቢመረመር ጥሩ ነው። በተለይ ወንዶችና የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ደም ካነሳቸው፣ አንጀት ውስጥ የሚደማ ነገር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት።

ያልተመጣጠነ አመጋገብ የምግብ ማነስ ነው ወይስ መብዛት?

ሁለቱም ነው። በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን አዋቂዎች ክብደታቸው ከልክ በላይ ነበር። ከእነዚህ 890 ሚሊዮኑ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 390 ሚሊዮን አዋቂዎች ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። ቁጥሮቹ የዓለም ጤና ድርጅት ናቸው።

ሁለቱ ችግሮች አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው ነው ብዙ ሰው የማይጠብቀው። እናት ወፍራ ልጇ የቀነጨረ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ራሱ ወፍራምም ደም ያነሰውም ሊሆን ይችላል። ጉልበት የበዛበት ግን ቫይታሚንና ማዕድን የራቀው ምግብ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያመጣል። ስለዚህ ወፍራም ሰው አይቶ “ይሄማ በደንብ ይበላል” ማለት ስህተት ነው። ቀጭን ሰው አይቶ “ጤነኛ ነው” ማለትም እንደዚያው።

ጨውና ቅባት ልብን የሚጎዱት እንዴት ነው?

ጨው ውሃ ይስባል። ደም ውስጥ ሲበዛ የደሙ መጠን ይጨምራል፤ የደም ሥር ግድግዳም ይገፋል። ግፊቱ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ልብ ከአቅሙ በላይ ይሠራል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የአንጎል ደም ሥር ሊዘጋ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ራስ ምታት እንኳ ላይኖር ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መጠን ነው፤ የቀኑ ምግብ ሁሉ ተደምሮ። ማዕድ ላይ የምንነሰንሰውን መቀነስ አንድ ነገር ሆኖ፣ ብዙው ጨው ዳቦ፣ አይብ፣ የታሸገ ሥጋና ዝግጁ ሾርባ ውስጥ ተደብቆ እንደሚመጣ አስታውሱ። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ደግሞ የጨውን ጉዳት ያለዝባል። አትክልት አብዝቶ ጨው የሚቀንስ ሰው ሁለት ጥቅም ያገኛል። የኩላሊት በሽታ ያለበት ግን ፖታሲየም ሊበዛበት ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቅባትን በተመለከተ ዓይነቱ ከመጠኑ ባልተናነሰ ዋጋ አለው። ክፍል ውስጥ የሚረጋው፣ እንደ ቅቤና የሥጋ ስብ ያለው፣ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ኮሌስትሮሉ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጋገረ መንገዱን ያጠባል። ከአብዛኞቹ ዘሮች የሚጨመቀው ፈሳሽ ዘይት፣ ለውዝና ዓሣ ውስጥ ያለው ቅባት በእሱ ቦታ ሲገባ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። ከሁሉ የከፋው ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ትራንስ ፋት ነው። የሚሰጠው ጥቅም አንድም የለም። ዴንማርክ በ2003 በሕግ የገደበችው ለዚህ ነው፤ ከእሷ በኋላ ብዙ አገሮች ተከትለዋል።

ታዲያ ቅባት ጨርሶ ብተው አይሻልም?

አይሻልም። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገቡም። አንጎልም የሴሎች ሽፋንም ቅባት ይፈልጋሉ። ግን አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ገደማ አለው (ካሎሪ የጉልበት መለኪያ ነው)፤ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4 ገደማ ናቸው። ዘይት ሲፈስ እጅን መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ስኳር መብላት የስኳር በሽታ ያመጣል?

መልሱ እንደ በሽታው ዓይነት ነው። ዓይነት አንድ የሚባለው የሰውነት መከላከያ በስህተት ቆሽትን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ከአመጋገብ ጋር አይያያዝም። ይህ በደንብ መታወቅ አለበት፤ ዓይነት አንድ የያዘው ልጅ ወላጆች “ከረሜላ አብዝተንለት ነው” እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ ማየት ያሳዝናል። ጥፋታቸው አይደለም።

ዓይነት ሁለት ግን ከአመጋገብ፣ ከክብደት፣ ከእንቅስቃሴና ከዘር ጋር ይያያዛል። ሆድ አካባቢና ጉበት ውስጥ ስብ ሲከማች ሰውነት ለኢንሱሊን፣ ማለትም ከቆሽት ለሚወጣውና የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። ቆሽት ይህን ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመርታል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ይደክመዋል። የደም ስኳር ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ማንኪያ ስኳር ጉዳይ ሳይሆን የአጠቃላይ አመጋገቡ ጉዳይ ነው።

ተስፋ የሚሰጠውን ደግሞ ልንገራችሁ። በአሜሪካ የስኳር በሽታ አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ በ2002 ወጥቶ ነበር። አመጋገባቸውን አስተካክለው፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እየተንቀሳቀሱ፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱ የተረዱት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት የወሰዱት በ31 በመቶ ነበር የቀነሰላቸው። የሰማንያ ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ማንም ሊደርስበት የማይችል ነገር አይደለም።

ለስላሳ መጠጥና ጁስስ?

አንድ 330 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የተጨመረ ስኳር ከቀኑ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ነው፤ 2,000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 50 ግራም ማለት ነው። ከ5 በመቶ ቢያንስ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል ይላል። አንዷ ጣሳ ብቻዋን የኋለኛውን ልክ አለፈች።

የፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለውም ስኳር በዚሁ ይቆጠራል። ፍሬው ሲጨመቅ ፋይበሩ ይቀራል፤ ሦስት ብርቱካን በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ሦስት ብርቱካን ልጦ ለመብላት ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ሆድም ይሞላል። ፍሬውን ብሉት። ለጥም ውሃ ይበቃል።

በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ሁሉ መጥፎ ነው?

ሁሉም አይደለም። የታሸገ ባቄላ፣ በበረዶ የተያዘ አትክልት፣ ተራ እርጎ ጥሩ ምግቦች ናቸው። የሚያሳስበው ማጣፈጫ፣ ማቅለሚያ፣ ስኳር፣ ጨውና ዘይት ተደራርቦበት፣ የመጣበት እህል የማይታወቀው ዓይነት ነው።

በ2019 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ብዙ ነገር ግልጽ አድርጓል። 20 ሰዎች ለአንድ ወር የጥናት ማዕከል ውስጥ ተቀመጡ። ለሁለት ሳምንት በከፍተኛ ደረጃ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ፋይበርና ጨው ተመሳሳይ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል እንዲበሉም ተፈቅዶላቸው ነበር። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ወፈሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ከልክ በላይ የበላን ሰው “ራስህን መግዛት አቃተህ” ብሎ መውቀስ ተገቢ አለመሆኑን ነው። ምግቡ ራሱ ብዙ ያስበላል።

ቋሊማና የመሳሰለው የተቀነባበረ ሥጋ ለብቻው መጠቀስ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 የትልቁ አንጀት ካንሰርን እንደሚያመጣ ማስረጃው በቂ ነው ብሎ መድቦታል። በየቀኑ 50 ግራም መብላት ተጋላጭነቱን በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። አልፎ አልፎ የበላ ሰው መሸበር የለበትም፤ የዘወትር ምግብ ማድረጉ ነው የማይበጀው።

ነፍሰ ጡር ሴት ለሁለት ሰው መብላት አለባት?

በመጠን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያስፈልጋት ተጨማሪ ጉልበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚያ በኋላም ጭማሪው እንደ አንድ መክሰስ ነው። የሚጨምረው የጥራቱ ጉዳይ ነው፤ ብረት፣ ፎሊክ አሲድ (ከቫይታሚን ቢ ዓይነቶች አንዱ)፣ አዮዲን፣ ካልሲየምና ፕሮቲን።

ፎሊክ አሲድን እዚህ ላይ ላሰምርበት። የጽንሱ የአከርካሪና የአንጎል መሠረት የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ “ሳረግዝ እጀምራለሁ” ማለት ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ምክሩ ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከመፀነሷ በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ነው። ከዚህ በፊት የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ከሆነ የሚያስፈልጋት መጠን ከዚህ በጣም ይበልጣል፤ ሐኪም ያዝላታል።

የእናት አመጋገብ ጥላው ሩቅ ይሄዳል። ከ1944 ወደ 1945 በሚያሸጋግሩት ብርዳማ ወራት ኔዘርላንድስ ውስጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ብርቱ ረሃብ ገብቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ልጆች ካደጉ በኋላ ተጠንተዋል። በእርግዝናው መጀመሪያ ረሃቡ የደረሰባቸው በጎልማሳነታቸው ለልብ በሽታ ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ያልበሉት እናቶቻቸው ነበሩ፤ ዕዳው የተከፈለው ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት ምን ትብላ የሚለው የእሷ ብቻ ጭንቀት መሆን የለበትም። ባልም ቤተሰብም ይመለከተዋል።

ልጄ ይበላል፣ ግን አያድግም። ምን ይሆናል?

መጀመሪያ የሚበላው ምን እንደሆነ እንይ። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃም አያስፈልግም። ከስድስት ወር በኋላ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ቢቀጥል ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ብዙ ቤት ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለሕፃኑ የሚሰጠው ቀጭን ገንፎ ወይም አጥሚት ብቻ ይሆናል። የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ናት። በውሃ ከሞላች ለእንቁላል፣ ለጥራጥሬ፣ ለአትክልት ቦታ አይኖራትም። ገንፎው ወፈር ይበል፤ ትንሽ ዘይት፣ የተፈጨ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ የተቀቀለ ካሮት ወይም ቅጠል ይግባበት።

ከእርግዝና መጀመሪያ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት ወደ 1,000 የሚጠጉ ቀናት ናቸው። መቀንጨር በብዛት የሚጀምረው በእነዚህ ቀናት ነው። የቀነጨረ ልጅ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚያጥረው፤ ትምህርት የመቀበል አቅሙም ይጎዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ መመለስ ከባድ ነው።

እግሩና ፊቱ ያበጠ ልጅ ካያችሁ “ወፈረ” ብላችሁ አትለፉት። ብርቱ የምግብ እጥረት ሰውነትን ሊያሳብጥ ይችላል፤ ኩዋሽዮርኮር ይባላል። ፀጉር ይሳሳል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ልጁ ይነጫነጫል፣ ምግብም ይጠላል። ይህ በአስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ነው። በተደጋጋሚ የሚያስቀምጠው ልጅም የበላው አይጠቅመውም፤ ንጹሕ ውሃና እጅ መታጠብ የአመጋገብ አካል ናቸው።

አረጋውያን ትንሽ ቢበሉ ችግር አለው?

የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ይቀንሳል፤ ፕሮቲንና ቫይታሚን ግን አይቀንስም። እንዲያውም ብዙ ባለሙያዎች ለአረጋውያን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራሉ፤ ለሌላው አዋቂ 0.8 ግራም ነው የሚባለው። ምክንያቱ ጡንቻ መሟሸሹ ነው። ጡንቻው የሳሳ አረጋዊ ይወድቃል፤ አጥንቱ ከሳሳ ደግሞ ይሰበራል። ጥርስ፣ የምራቅ ማነስ፣ የመድኃኒት ብዛት፣ ብቸኝነት ሁሉም ምግብ ያስጠላሉ። እናት ወይም አባት ልብሳቸው ሰፍቷቸው ካያችሁ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትተዉት። አብሮ መብላት ብቻውን እንኳ የምግብ ፍላጎት ይመልሳል።

ሥጋ የማይበላ ሰው ጤነኛ መሆን ይችላል?

ይችላል። ጥራጥሬና እህል አብረው በቀን ውስጥ ከተበሉ ፕሮቲኑ ይሟላል። ወተትና እንቁላል የሚወስድ ከሆነ ነገሩ የበለጠ ቀላል ነው። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ጨርሶ የማይነካ ሰው ግን ቫይታሚን ቢ12ን በእንክብል ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት፤ ከዕፅዋት በአስተማማኝ ሁኔታ አይገኝም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ስላለው ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ሲታወቅ እጅና እግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ደም ማነስ ሊኖር ይችላል። የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ ላይመለስ ይችላል።

የቫይታሚን እንክብል ብወስድ ምግቡን አይተካልኝም?

አይተካም። ምግብ ውስጥ ፋይበርና ሌሎች ብዙ ነገሮች አብረው አሉ። እንክብል የሚጠቅመው የታወቀ እጥረት ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአንዳንድ ሕሙማንና ቀደም ብዬ ለጠቀስኳቸው ነው።

ዝም ብሎ መዋጥ ጉዳትም አለው። ቫይታሚን ኤና ዲ ሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፤ ሲበዙ ይመርዛሉ። በእርግዝና ወቅት ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ጽንሱን ይጎዳል። በፊንላንድ 29,000 በሚያህሉ ሲጋራ አጫሽ ወንዶች ላይ የተደረገ፣ በ1994 ውጤቱ የወጣ ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን የተባለው፣ ካሮት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር፣ የሳንባ ካንሰርን ይከላከላል ተብሎ በእንክብል ተሰጣቸው። የወሰዱት ላይ ካንሰሩ በ18 በመቶ ጨመረ። ካሮት መብላት ግን ማንንም እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

የተመጣጠነ ምግብ የግድ ውድ ነው?

አንዳንዱ ውድ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም። እንቁላል፣ ወተትና ፍራፍሬ መግዛት ለማይችል ሰው “አመጋገብህን አስተካክል” ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ሆኖም ጥራጥሬ ከሥጋ በጣም ባነሰ ወጪ ፕሮቲን፣ ብረትና ፋይበር ይሰጣል። ወቅቱን የጠበቀ አትክልት ከሌላው ይረክሳል። ለለስላሳና ለብስኩት የሚወጣው ሲደመር ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሳህኔ ላይ እንዴት ልለካው?

ግማሹን አትክልትና ፍራፍሬ አድርጉት። ሩቡን እህል፣ ቢቻል ያልተፈተገ። ቀሪውን ሩብ ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ወይም ሥጋ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። አንድ እፍኝ 80 ግራም ገደማ ነው ብላችሁ ብታስቡ አምስት እፍኝ ይሆናል። ድንች በዚህ አይቆጠርም፤ ከእህሉ ጎራ ነው።

አመጋገቤን ባስተካክል ለውጡን መቼ አያለሁ?

አንዳንዱ ፈጣን ነው። በ1997 በወጣው ዳሽ በተባለ ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የቀነሰ የወተት ተዋጽኦ የበዛበትን ምግብ የበሉ ሰዎች የደም ግፊታቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ ወርዷል። የሆድ ድርቀት ፋይበርና ውሃ ሲጨመር በቀናት ውስጥ ይሻሻላል። ፋይበሩን ግን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ አለዚያ ሆድ ይነፋል።

ደም ማነስ በሳምንታት ይሻሻላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ድካሙ ሲለቀው የብረት እንክብሉን ያቆማል። ክምችቱ እስኪሞላ ብዙ ጊዜ ሌላ ሦስት ወር ያህል መቀጠል ያስፈልጋል። ክብደት በወራት ነው የሚለወጠው። በሳምንት አምስት ኪሎ ቀንሱ የሚላችሁን አትመኑ፤ የሚወርደው በአብዛኛው ውሃና ጡንቻ ነው።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ሳታስቡት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታችሁ 5 በመቶ ከቀነሰ፣ ድካሙ ከሳምንታት በላይ ካልለቀቀ፣ እግር ካበጠ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ፣ ሲመሽ ማየት ካቃተ፣ ወይም የልጅ ክብደት ለወራት ካልጨመረ ቀጠሮ አትግፉ። ኢንሱሊን ወይም የስኳር በሽታ እንክብል የሚወስድ ሰው ምግቡን በድንገት ቢቀንስ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ መድኃኒቱ አብሮ መስተካከል አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ለብዙ ቀናት ምግብ ያልቀመሰ ወይም በጣም የከሳ ሰው ስታገኙ፣ በደግነት ሳህን ሙሉ ምግብ በአንድ ጊዜ አታቅርቡለት። ሰውነቱ ምግቡን ለመጠቀም ሲጣደፍ ደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት በድንገት ይወርዳሉ፤ ይህም ልብን ሊያቆም ይችላል። ጤና ተቋም እስኪደርስ በትንሽ በትንሹ፣ ጥቂት ጥቂት ስጡት። ወደ ተቋሙም ሳትዘገዩ አድርሱት።